የቅዳሜው ሸሚዝ

ውድ እርሳስ፣

ስልክሽ አይነሳም። ቢነሳም ይህን በስልክ አልነግርሽም ነበር፤ በስልክ ብጽፈው ደግሞ እያጠፋሁና እያሳመርኩ መጨረሻ ላይ ምንም ያልበደልኩ ልጅ ሆኜ እቀርብልሽ ነበር። ጠባዬን ታውቂዋለሽ፤ «ላጲስ» ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ አንቺው ነሽ። ስለዚህ በወረቀት፣ ያውም በእስክሪብቶ እየጻፍኩልሽ ነው። ስሳሳት እሰርዛለሁ፣ የሰረዝኩትንም ታነቢዋለሽ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ከቀትር በኋላ። የተቀመጥኩት ጣሪያው ላይ ነው፤ አንድ እግሯ አጭር በሆነችው፣ አንቺ የታጠፈ ወረቀት ከሥሯ ትሸጉጪላት በነበረችው ወንበር ላይ። ወረቀቱ አሁንም እዚያው አለ። ከታች ያለው ላውንደሪ እንደ ድሮው ልብሱን እዚህ አስጥቷል፤ አንሶላዎቹ ቀስ ብለው ይነፋሉ፣ ቀስ ብለው ይተነፍሳሉ። ፀሐይዋ በነጩ ጨርቅ ውስጥ አልፋ ስትመጣ ሁሉ ነገር ወተት ውስጥ የተነከረ ይመስላል። የራሴ እጅ የሌላ ሰው እጅ መስሎኝ ደጋግሜ አየሁት።

ባለፈው ረቡዕ በህልሜ አየሁሽ። ረጅም መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ሱቅ፣ ግን ታፔላዎቹ ላይ ሥዕል ብቻ ነው ያለው፣ አንድም ፊደል የለባቸውም። አንቺ በእርሳስሽ እየነካካሻቸው ትሄጃለሽ፣ የነካሽው ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ ዳቦው ይነፋል፣ መቀሱ ይከፈታል፣ ጫማው ይራመዳል። እኔ ከኋላ ሆኜ እጠራሻለሁ፣ ድምፄ ግን አይወጣም። ላውንደሪው ጋ ስትደርሺ ሸሚዙ ከታፔላው ወርዶ ከጎንሽ መራመድ ጀመረ። ሁለታችሁም ዞር ብላችሁ አላያችሁኝም።

ከመጀመሪያው ልነሳ፣ የምታውቂውንም ጭምር፤ ሳልዘል መናገር መልመድ አለብኝ።

የመጨረሻው ዓመት ሥራችን የሁለት ሰው ነበር። ጋሽ ባዶ ቦታ፣ ማንኛውንም ሥራ አይተው «ባዶ ቦታ ተዉለት እንጂ፣ ይተንፍስ!» ከማለት የማይቦዝኑት መምህራችን፣ በሰፈር ካለ እውነተኛ ሱቅ አንዱን እንድንመርጥ አዘዙን። አንደኛዋ ብራንዲንጉን ትሠራለች፤ ዓርማውን፣ ቀለሙን፣ ከረጢቱን፣ የደረሰኙን ወረቀት። ሌላኛዋ ዓርማውን በሞሽን ግራፊክስ ታንቀሳቅሰዋለች፣ አሥር ሰከንድ። እኛ ከኪራይ ክፍላችን ሥር ያለውን ላውንደሪ መረጥን። ስንጠየቅ «የእንፋሎቱ ውበት ስቦን ነው» አልን እንጂ፣ እውነቱ ደረጃውን ወርደን ከዚያ በላይ መራመድ ስለሰነፍን ነው።

አንቺ ወረቀት ሳትጨርሺ ኮምፒውተር አትከፍቺም፤ እርሳስ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሸሚዝ ብቻ ሳልሽ። የላውንደሪው ባለቤት እትዬ ሳይቀሩ «ይቺ ልጅ ሸሚዝ ልታገባ ነው እንዴ?» እያሉ ቀለዱብሽ። በመጨረሻ አንዱ መጣ፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ነጭ ሸሚዝ፣ ነፋስ ገብቶበት የሰው ደረት ያበጀ፣ ቀኝ እጅጌው ወደ ላይ የተነሳ። ማንም አልለበሰውም፣ ግን ሰው አለበት። ሳየው ሻይ ላፈላ ተነሳሁ። ቀንቼ ነበር።

የዚያን ሸሚዝ ረቂቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንቀሳቀስኩበት ቀን ትዝ ይልሻል? አሮጌው ኮምፒውተሬ አሥሯን ሰከንድ ሬንደር አድርጎ ፊልም እስኪያደርጋት ከምሳ ሰዓት እስከ ምሽት ያቃስታል፣ ክፍሏም እንደ ምድጃ ትግላለች። ስለዚህ ጣሪያው ላይ ወጥተን ከልብሶቹ መሃል ተጋደምን። ደመናው ሲሄድ እያየን ሳለ አንቺ ድንገት፣ የሌላ ሰው ነገር እንደምታወሪ ሁሉ፣ «አባቴ የሄደው ቅዳሜ ነበር» አልሽ።

ሰባት ዓመትሽ ነበር። ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጣ፤ አልጻፈም፣ አልደወለም፣ ሞተም ዳነም የሚል ሰው አልመጣም። አንድ ነጭ ሸሚዙ ቤት ቀረ። እናትሽ በየቅዳሜው ያጥቡታል፣ ያሰጡታል፣ ማታ ተኩሰው ወደ ቁም ሳጥኑ ይመልሱታል።

«ማንም ካልለበሰው ምን አቆሸሸው?» አልኩሽ፣ ሞኝ አይደለሁ።

«አቧራ» አልሽኝ። ከዚያ ፈገግ አልሽ። «ነፋስ ገብቶበት እጅጌው ሲነሳ እማዬ ‹አየሽ፣ ሰላም እያለን ነው› ትለኛለች። ይኸው ይህን አክዬም መልሼ እጄን አነሳለሁ።»

እጅሽን ያዝኩ።

«ለማንም አውርቼው አላውቅም» አልሽኝ። «አደራ።»

«እቴ ምን ሆነሻል! ከኔ ጋር ይቀበራል» አልኩሽ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አክስትሽ ደወሉ። እናትሽ ወድቀዋል፣ ግራ እግራቸው አልታዘዝ ብሏል። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሻንጣ አንጠልጥለሽ ወጣሽ። የሥዕል ደብተርሽን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠሽ «አንቺ ጨርሺው» አልሽኝ፤ በሩ ላይ ስትደርሺ ደግሞ እጅሽን አነሳሽ። ጠዋት ስለነበር ብርሃኑ ከኋላሽ ነው፣ ፊትሽ አልታየኝም።

ጨረስኩት። ከደብተርሽ ያቺን አንዷን ገጽ ብቻ ስካን አድርጌ መስመሮቹን አጸዳሁ። አዝራሮቹን ስቆጥር አምስት ናቸው፣ ሦስተኛው ቦታ ላይ ክፍተት አለ። በችኮላ ረስታው ነው ብዬ ሁለተኛውን አዝራር ቀዳሁና ክፍተቱ ላይ ለጠፍኩት። እኩል እኩል ሆኑ። ውለታ የዋልኩልሽ መስሎኝ ነበር።

የግምገማ ቀን የጋሽ ባዶ ቦታን ልማድ ታውቂዋለሽ፤ ሥራው ሁሉ ያለ ስም ይሰቀላል፣ ያለ ስም ይተቻል፣ ያለ ስም ይመሰገናል። ትችቱ ሲያልቅ «ባለቤት ይቁም!» ይላሉ፣ የሠራው ሰው ተነስቶ ከሥራው አጠገብ ይቆማል። ያን ቀን ሸሚዝሽ ፊት ለፊት ሲደርሱ ዝም አሉ። እኚያ አፋቸው የማያርፍ ሰውዬ! መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት። «ይሄ ሸሚዝ ሰው ናፍቆታል» አሉ። ቀጥለውም «ባለቤት ይቁም!»

እውነቴን ነው የምልሽ፣ የተነሳሁት «ባለቤቷ የለችም» ልል ነበር። ግን ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እያየኝ ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ተደርጌ ታይቼ አላውቅም። እግሬ ወደ ግድግዳው ወሰደኝ፣ እዚያ ስደርስ ቆምኩ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሁሉንም ብቻዬን እንደ አዲስ የሠራሁት መስሏቸው ነበር።

«እጅጌው ለምን ተነሳ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። አባቴ ቅዳሜ ቀን ከቤት ወጣ አልኩ። ሰባት ዓመቴ ነበር አልኩ። እናቴ በየቅዳሜው ታጥበዋለች አልኩ። ቃልሽን አንድ በአንድ ከጣሪያው አውርጄ እዚያ ዘረገፍኩት፤ «አቧራ» ያልሽውን እንኳ አልተውኩልሽም። ሥዕልሽን መውሰዴ ስርቆት ነው። እናትሽን መውሰዴ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ለምን እንዳደረግኩት ብዙ ቀን አሰብኩ፣ እውነቱ ያሳፍራል፤ በኛ ቤት ምንም ጠፍቶ አያውቅም። አባዬ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። በየቀኑ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ እራት ሳይቀርብ ያንኮራፋል። እስክሪብቶውን መክደን ስለሚረሳ የሰማያዊው የደንብ ልብሱ ደረት ኪስ ላይ ሁልጊዜ የቀለም እድፍ አለ፤ እማዬም ሁልጊዜ ትቆጣዋለች። በዚህ ማን ያለቅሳል? አንቺ ግን የምትጠብቂው ሰው ነበረሽ። በሰው ሐዘን የሚቀና ልብ ካለ የኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ጋሽ ባዶ ቦታ «ያንን ታሪክ በኤግዚቢሽኑ ቀን በአዳራሹ ትናገሪዋለሽ» አሉኝ። ቤተሰቦቼን «የሚገባው ተማሪ ብቻ ነው» ብዬ ዋሸኋቸው። ፊልሙ ላይም አንድ ነገር ቀየርኩ። አንቺ «እጅጌው እንዳይወድቅ፤ መጨረሻው መጀመሪያው ላይ ይግጠምና ሳያቋርጥ ይዙር» ብለሽኝ ነበር። እኔ ነፋሱን ስምንተኛው ሰከንድ ላይ አቆምኩት። እጅጌው ወደቀ፣ ሸሚዙ ባዶውን ተንጠለጠለ። ሰው እንዲያለቅስ ብዬ ነው።

አለቀሰልኝ። ባለፈው ቅዳሜ አዳራሹ ጨልሞ ሸሚዝሽ በትልቁ ግድግዳ ላይ ነፋስ ሲስብ፣ እኔ ማይክሮፎን ይዤ «አባቴ ከሄደ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው» አልኩ። እጅጌው ሲወድቅ ከጨለማው ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ለጥቂት ሰከንድ እኔም አመንኩት፤ እውነት አባት የሌለኝ፣ ገመድ ሥር ቆሜ ያደግኩ መሰለኝ። ከዚያ መብራቱ በራ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ሰማያዊ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ ኪሱ ላይ እድፉ እንዳለ፣ አባዬ ተቀምጧል።

ለካ የኤግዚቢሽኑን ፖስተር ያየው በየቀኑ ከሚቆምበት ፌርማታ ላይ ነው። ፖስተሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። እሱ እንኳ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል።

ከጎኑ የተቀመጡ ሴትዮ እንባቸውን እየጠረጉ ወደሱ ዞሩ። «እንዴት ያለ ጨካኝ አባት ነው እባክዎ!» ሲሉት እስከ መድረኩ ድረስ ተሰማኝ።

«እኔም ገርሞኛል» አላቸው አባዬ።

ገና ሳልወርድ የዚያ የማስታወቂያ ድርጅት ኃላፊ መጣች፤ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች ቀጭን ሴት። «በዓመት አንድ ተመራቂ ብቻ ነው የምንወስደው» አለችኝ። «ይህን ሸሚዝ የሳለ እጅ እፈልጋለሁ።» ፖስታ ሰጠችኝ፣ እስከ ዓርብ ፈርሜ እንድመልስ። የትኛው ድርጅት እንደሆነ ገብቶሻል፤ በመስኮቱ ሥር ስናልፍ «አንድ ቀን» እንባባልበት የነበረው። የመስኮቱን አበባ ማን እንደሚያጠጣው እንኳ አስቀድመን ተከፋፍለን ነበር።

ወደ ቤታችን፣ ወደ ከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ከአባዬ ጋር በአውቶቡስ ሄድን። ፈረቃውን ጨርሶ ስለነበር እንደ ማንም ተሳፋሪ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሦስት ፌርማታ ያህል የባልደረባውን መሪ አያያዝ ተከታተለ።

«ስንት ዓመት ሆነኝ?» አለኝ።

«ምኑ አባዬ?»

«ከጠፋሁ።»

መስኮቱን አየሁ። «አሥራ አምስት» አልኩት።

«ብዙ ነው» አለ። «እናትሽ ሳትሰማ ብመለስ ይሻላል።»

ሌላ አንድ ፌርማታ ካለፍን በኋላ «ሸሚዙ የማን ነው?» ሲለኝ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጣሪያውን፣ አደራውን፣ «ባለቤት ይቁም» ሲባል የቆምኩትን።

«ልጅቷ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል ሰምተሽ አታውቂም?» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እኔን ማጥፋትሽ ግድ የለም፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እገኛለሁ። ያቺ እናት ግን ምን በደለችሽ? ገበናዋን በማታውቀው አዳራሽ አሰጣሽባት።»

ፌርማታችን ደረሰ፣ ወረድን። ለእማዬ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

በማግስቱ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ ብልሽ ደስ ባለኝ። አልሄድኩም። ወደ ኪራይ ክፍላችን ተመልሼ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ፖስታውን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ረቡዕ ያን ህልም አየሁ። ሐሙስ ጠዋት ፈረምኩት። «ጨርሺው ብላኛለች እኮ፣ ብታውቅም አትቆጣም» እያልኩ ጫማዬን አሰርኩ፤ ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት አንደበተ ርቱዕ ይሆናል መሰለሽ። ፖስታውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ደረጃውን ወረድኩ።

ታች እትዬ በር ላይ ጠበቁኝ። አዲሱ ታፔላ ተሰቅሏል፣ በመስኮታቸውም ትንሽ ስክሪን ላይ ፊልሙ ይታያል።

«ጎሽ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። «ግን እንደው አትቀየሚኝና...»

«ምነው እትዬ?»

«መጨረሻ ላይ ልብሱ ለምን ዝርግፍ ይላል? ደንበኛዬ ሁሉ ‹ምነው፣ አልተተኮሰም እንዴ?› እያለኝ ነው።»

አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስለቀሰው እጅጌ! ቆሜ ሳቅኩ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። «አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ወደ ላይ ተመለስኩ፤ ዓርብ ገና ነገ ነው፣ ፖስታው ይደርሳል ብዬ። አንቺ እጅጌው እንዴት እንዲመለስ አስበሽ እንደነበር ለማየት ደብተርሽን ከፈትኩ። ካቺ ከአንዷ ገጽ በቀር ገልጬው አላውቅም ነበር።

ሸሚዝ፣ ሸሚዝ፣ ሸሚዝ። ሁሉም ላይ አምስት አዝራር፣ ሁሉም ላይ ሦስተኛው የለም። ለካ አልረሳሽውም። ወደ መጨረሻው አካባቢ አንድ ገጽ ላይ ሸሚዙ ራሱ የለም፤ ያን ክፍተት ብቻ አቅርበሽ ስለሽዋል፣ የተበጠሰው ክር ሁለት ጫፉ ቆሞ። ከጎኑ በዚያች በጉንዳን ፊደልሽ እንዲህ ይላል፦ «የሄደ ቀን ተበጠሰ። ‹ስትመለስ እተክልልሃለሁ› አለችው። ክር የገባለት መርፌ እስካሁን መሳቢያው ውስጥ አለ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እናትሽ አሥራ አምስት ዓመት ያቆዩትን አዝራር እኔ በአንድ ጠቅታ ተክዬዋለሁ። መሳቢያው፣ መርፌው፣ ክሩ በዓይኔ ላይ መጡብኝ፤ በየቅዳሜው ሸሚዙን ሲተኩሱ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆም ሲል ታየኝ። አፈርኩ እርሳስ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። የፈረምኩትን ወረቀት ቀደድኩት።

ትናንት ዓርብ ጠዋት ጋሽ ባዶ ቦታ ቢሮ ገባሁ። ዳቦና ሻይ ይዘው ነበር፤ ስነግራቸው ዳቦው በእጃቸው እንዳለ ቀረ። ታሪኩ የኔ እንዳልሆነ፣ ሥዕሉም የኔ እንዳልሆነ፣ አባቴ በዚያች ሰዓት አውቶቡስ እየነዳ እንደሆነ ነገርኳቸው። ስጨርስ «ነይ» ብለው ወደ አዳራሹ ወሰዱኝ። ሥራዎቹ እንደተሰቀሉ ናቸው፣ ሰው የለም፣ ከከፍታው መስኮት የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ተኝቷል። ሸሚዝሽ ሥር ያለውን የኔን ስም አነሱ።

«ባለቤት ይቁም ብዬ ነበር» አሉኝ።

ከሸሚዙ ራቅኩ። የት እንደምቆም ግራ ገባኝ፤ ወደ ኋላ ስሄድ ተቃራኒው ግድግዳ ጀርባዬን ነካኝ። ምንም ያልተሰቀለበት ነጭ ግድግዳ ነው።

«እዚያ ነው» አሉ። «እንቅስቃሴው ያንቺ ነው፣ እሱን አልወስድብሽም። ሥዕሉ የሷ ነው። ሦስት ሳምንት አለሽ፤ ከዚያ ባዶ ግድግዳ ላይ የራስሽን አምጪ። ካላመጣሽ ዘንድሮ አትመረቂም።»

ከዚያ ወደ ድርጅቱ ሄድኩ። ኃላፊዋ መነጽሯን ከፀጉሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገች፣ እስክጨርስ አየችኝ። «ላንቺ ቦታ የለኝም» አለች። «የሳለችው የት ነው ያለችው?» ነገርኳት፤ እናትሽ መታመማቸውንም ነገርኳት፣ ሌላ ግን አላወራሁም። «ከቤቷ ሆናም ልትሠራ ትችላለች። እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃታለሁ። ራሷ ትደውልልኝ» አለችኝ። ቁጥሯ ከዚህ ወረቀት ጀርባ አለ። ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽሽም። በመስኮቱ ሥር ሳልፍ ግን ቀና ብዬ አየሁ፣ አበባዋ ውሃ ጠምቷታል። ያቺን የማጠጣት ተራ ያንቺ ነበር፤ ታስታውሺያለሽ።

እትዬንም አናገርኳቸው። የእናትሽን ነገር ሳላነሳ፣ ሥዕሉ ያንቺ መሆኑንና ፈቃድሽ እንዳልተጠየቀ ብቻ ነገርኳቸው። «እንግዲያ ትጠየቃ!» አሉኝ። «እምቢ ካለች ታፔላው ይወርዳል። ድሮስ ያለ ታፔላ አይደል እንዴ ስናጥብ የኖርነው?» ስለዚህ አንዲት ቃል ላኪልኝ፤ ይውረድ ካልሽ በዚያው ቀን መሰላል አቁሜ ራሴ አወርደዋለሁ። አዳራሽ ውስጥ ያወራሁትን ግን ምን አደርገዋለሁ? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ለተማሪዎቹ ሰኞ እዚያው ቆሜ ውሸቴን እነግራቸዋለሁ፤ እንግዶቹን ከየት እሰበስባቸዋለሁ? ይሄ ዕዳዬ ሆኖ ይቀራል።

ይቅር በዪኝ። ይህን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ይቅር ማለት ካቃተሽም አልፈርድብሽም፤ ብቻ በኔ ተናደሽ ያን ቦታ እንዳትተይው። እኔን መቼም ቢሆን መጣላት ትችያለሽ፣ ወሩ ግን ያልቃል።

የኔን ነገር ካነሳሽ፣ ከአንሶላዎቹ መሃል የአባዬ ሰማያዊ ሸሚዝ ተሰጥቷል። ትናንት ማታ ቤት ሄጄ ለሥራዬ ልዋሰው ስለው አወለቀና ሰጠኝ። «ያዢው» አለኝ፣ «ግን በሕይወት እንዳለሁ ጻፊበት።» እማዬ እዚያው ሁለት ጊዜ አጥባው እድፉ አልለቀቀም፤ ዛሬ ጠዋት ከነእርጥበቱ ይዤው መጣሁ። ጫፉ ፈዞ ፈዞ ሰማያዊው ውስጥ እንዴት እንደሚጠፋ ከጠዋት ጀምሮ እያየሁት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት በዓይኔ ሥር ሲያልፍ ልብ ብዬው አላውቅም። ነገ በወረቀት እጀምራለሁ፣ ኮምፒውተሩን ሳልከፍት።

ኮምፒውተሩማ ዛሬም ታች እያቃሰተ ነው። እስኪጨርስ ነው እዚህ የወጣሁት። ፊልምሽን አስተካክዬዋለሁ፤ ነፋሱ አይቆምም፣ እጅጌው ዝቅ ይላል፣ ሳይወድቅ ደግሞ ይነሳል፣ መጨረሻው መጀመሪያው ላይ ገጥሟል። ከሥሩ ስምሽን በትንሽ ፊደል ጽፌ ዙሪያውን ባዶ ቦታ ትቼለታለሁ። በፍላሽ አድርጌ ከደብተርሽና ከዚህ ደብዳቤ ጋር እልክልሻለሁ። ለእናትሽ ማሳየት አለማሳየቱን አንቺ ታውቂያለሽ።

ካሳየሻቸው ሦስተኛው ቦታ ላይ ይመልከቱ። የተከልኩትን አዝራር አጥፍቼዋለሁ፤ እሳቸው በመርፌያቸው እስኪመጡበት ድረስ ማንም አይነካውም።

ያንቺው
ላጲስ